ቤት ለቤት የምትሄደውን ባለሙያ ማን ያቆያታል?

ቤት ለቤት እየዞረች የምታገለግል የጤና ሠራተኛ በክሊኒክ ከምትሠራ ነርስ የምትለየው ሲቸግራት ዞር ብላ የምትጠይቀው ባልደረባ አጠገቧ ስለሌለ ነው። በሥራዋ መቆየቷን ደመወዝና የመንገድ ርቀት ቢወስኑትም፣ የቅርብ ኃላፊዋ ጠባይም ይወስነዋል።

የኢትዮጵያን ጤና ኤክስቴንሽን እንመልከት። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር፣ በገጠር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ 2 ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታቀደ። በመጀመሪያ ሥልጠናቸው አንድ ዓመት ያህል ነበር፤ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትልና ስለ መጸዳጃ ቤት እየዞሩ ያስተምራሉ። አንድ ጤና ጣቢያ 5 ጤና ኬላዎችን ይደግፋል።

ከጤና ጣቢያ የሚመጣው ተቆጣጣሪ መዝገብ ገልጦ ጉድለት ብቻ ጽፎ ቢመለስ፣ ሠራተኛዋ ዝውውር ማሰቧ አይቀርም። እሷ ስትሄድ ደግሞ ምስጢሯን ያካፈለቻት እናት ከማታውቃት ሰው ጋር እንደ አዲስ ትጀምራለች። ጥሩ ኃላፊ ግን አብሯት ቤት ለቤት ይሄዳል፤ መድኃኒት ለምን እንደዘገየ ያጣራል፤ የዓመት ዕረፍቷን ያስከብራል፤ መልካም ሥራዋን በሰው ፊት ያመሰግናል።

እኔም ርእሰ መምህር በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ከመምህራን የምጠይቀው የትምህርት ዕቅድ ብቻ ነበር። አንዲትን ጎበዝ መምህርት «ምን ቸገረሽ?» ያልኳት የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ ስትመጣ ነው። ዘግይቼ ነበር።

የመወያያ ጥያቄ፦ የክፍል አለቃ ብትሆኑ፣ የጓደኛችሁን ጥፋት ከመመዝገባችሁ በፊት ምን ትጠይቁታላችሁ?