የፈላ ውሃ ከቀዝቃዛው ቀድሞ በረዶ ይሆናልን?

ሁለት እኩል ብርጭቆዎች አሉ እንበል። በአንደኛው ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሌላው አሁን ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ ተሞልቷል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብንከታቸው ቀድሞ በረዶ የሚሆነው የትኛው ነው? ይህንን ጥያቄ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። ሁሉም በአንድ አፍ «ቀዝቃዛው ነዋ!» አሉኝ። አንዱማ «ለዚህ ነው እንዴ ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ?» ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ቀደም ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ይኸው ነበር። ነገሩ ግን ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራከረ ነው። ለእኛ ለዕጩ መምህራን ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቀው ጥያቄውን ያነሳው ሰው ማንነት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

ልጁ ኤራስቶ ምፔምባ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1963 በዛሬይቱ ታንዛኒያ፣ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። የትምህርት ቤቱ ልጆች አይስክሬም መሥራት ይወዳሉ። ወተቱን አፍልተው፣ ስኳር ጨምረው፣ ቀዝቀዝ እስኪል ጠብቀው ነው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስገቡት። ታዲያ ማቀዝቀዣው ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ ሽሚያ አለ። አንድ ቀን ምፔምባ ወተቱን ሲያፈላ ያየ ሌላ ልጅ ቦታ እንዳያመልጠው ብሎ የራሱን ወተት ሳያፈላ ከስኳር ጋር በጥብጦ አስገባ። ምፔምባም እስኪቀዘቅዝ ከጠበቀ ቦታ እንደማይተርፈው ሲያውቅ «ማቀዝቀዣው ቢበላሽም ይበላሽ» ያለ ይመስል ትኩሱን ወተት እንዳለ ከተተው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ከፍተው ሲያዩ የእሱ ጠጥሮ አይስክሬም ሆኗል፤ የጓደኛው ግን ገና ወፍራም ፈሳሽ ነው።

ምፔምባ ሄዶ የፊዚክስ መምህሩን ጠየቃቸው። እሳቸውም ተሳስተህ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም ብለው መለሱት። ልጁም ለጊዜው አመነ። በኋላ ግን ታንጋ ከተማ ውስጥ አይስክሬም እየሠራ የሚሸጥ ወዳጁ፣ ቶሎ እንዲረጋለት ሁልጊዜ ወተቱን በትኩሱ እንደሚያስገባ ነገረው። እንግዲህ ፊዚክስ ያልተማረው ነጋዴ ያውቀዋል፤ መምህሩ ግን አያውቁትም ማለት ነው።

ወደ ኢሪንጋ ሄዶ ምክዋዋ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የኒውተንን የመቀዝቀዝ ሕግ በተማሩበት ወቅት ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ይህኛው መምህር ደግሞ ባሰባቸው። ያልከው ነገር የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም አሉት። ከዚያን ቀን ወዲያ በክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር በተሳሳተ ቁጥር ተማሪውም መምህሩም «የምፔምባ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ መምህሩ እንዲያው በክፋት ብቻ አልነበረም የተናገሩት። ሁለት ሰዎች ወደ ደብረ ብርሃን በእግር ይጓዛሉ እንበል። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከሰንዳፋ በአንድ ሰዓት ይነሳሉ። ከአዲስ አበባ የተነሳው የግድ ሰንዳፋን ማለፍ አለበት፤ እሱ ሰንዳፋ እስኪደርስ ደግሞ ሌላው ብዙ መንገድ ሄዷል። የፈላ ውሃም እንዲሁ 0 ዲግሪ ከመድረሱ በፊት ቀዝቃዛው የተነሳበትን 20 ወይም 25 ዲግሪ ማለፍ አለበት። ታዲያ በምን ተአምር ይቀድማል? የሚቀድመው ሰንዳፋ ሲደርስ ከሰንዳፋ እንደተነሳው ሰው ዓይነት ካልሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሸክሙን በመንገድ ጥሎ ቀልሎት ከሆነ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አንድ ቀን ዶክተር ዴኒስ ኦስቦርን የተባሉ የፊዚክስ ምሁር ከዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጥተው ለምክዋዋ ተማሪዎች ንግግር አደረጉ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲባል ምፔምባ ተነሣ። እኩል መጠን ያለው፣ አንዱ 35፣ ሌላው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በተመሳሳይ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ የ100 ዲግሪው ቀድሞ በረዶ የሚሆነው ለምንድነው? አላቸው። ጓደኞቹ አፈሩበት። ኦስቦርን ግን ራስህ ሞክረኸዋል ወይ ብለው ጠየቁት። አዎን አለ። ምክንያቱን እንደማያውቁ ሳይደብቁ ነገሩት፤ ዳሬሰላም ሲመለሱም ሙከራውን እንደሚሠሩት ቃል ገቡለት።

ቃላቸውን ጠበቁ። በቤተ ሙከራው የሚሠራውን ቴክኒሺያን ሞክር አሉት። ቴክኒሺያኑም ሞክሮ መጣና ትኩሱ ቀድሞ በረዶ ሆነ፣ ሆኖም ትክክለኛው ውጤት እስኪገኝ ድረስ ሙከራውን እንደጋግመዋለን አላቸው! (ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛስ የላብራቶሪ ሪፖርት ስንጽፍ መጽሐፉ እንዳለው እስኪሆን ቁጥሩን ያላስተካከልን ስንቶቻችን ነን?)

ሁለቱ፣ ማለትም ምሁሩና ተማሪው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ውጤቱን በአንድ የፊዚክስ ትምህርት መጽሔት ላይ በጋራ አሳተሙ። 70 ሚሊ ሊትር ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ቢከር አድርገው ሲሞክሩ በረዶ መሥራት ለመጀመር ከሁሉም የዘገየው በ25 ዲግሪ አካባቢ የተነሳው ውሃ ነበር። በ90 ዲግሪ አካባቢ የተነሳው ግን በጣም ፈጠነ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በዓለም ሁሉ «የምፔምባ ክስተት» ተባለ። የቀለዱበት ስም የሳይንስ ስም ሆኖ ቀረ።

ነገሩ ለካ በጥንት ዘመንም ይታወቅ ነበር። የግሪኩ አሪስቶትል፣ በጶንጦስ አገር በበረዶ ላይ ሰፍረው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሸንበቋቸው ቶሎ እንዲተከል ዙሪያውን ሞቅ ያለ ውሃ ያፈሱበት እንደነበር ጽፏል። ፍራንሲስ ቤከንና ዴካርትም በየጊዜያቸው አንስተውታል። ከዚያ ተረስቶ ቆይቶ አንድ አይስክሬም ወዳድ ልጅ አስታወሰው።

ምክንያቱስ? ብዙ ተብሏል። ትኩስ ውሃ በትነት ይቀንሳል፤ በመንገድ ሸክም ጣለ ያልኩት ይህንን ነው። ኦስቦርንና ምፔምባ ግን በሙከራቸው የተነነው ጥቂት በመሆኑ ብቻውን አይበቃም ብለዋል። ሌሎች፣ ውሃ ሲፈላ በውስጡ የሟሟው ጋዝ ስለሚወጣ ነው ይላሉ። ትኩስ ውሃ ከታች ወደ ላይ እየተገላበጠ ስለሚዘዋወር ከላዩ ሙቀት በብዛት ያጣል የሚሉም አሉ። ትኩሱ ዕቃ ከሥሩ ያለውን አመዳይ አቅልጦ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር በደንብ ይገናኛል የሚለውም አለ። በዚህ ላይ ውሃ አንዳንድ ጊዜ ከ0 ዲግሪ በታች ወርዶም ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ መቼ መርጋት እንደሚጀምር ደግሞ ዕድል አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ንጉሣዊ ማኅበር ለተሻለው ማብራሪያ የ1000 ፓውንድ ሽልማት ቢያዘጋጅ ወደ 22,000 የሚጠጋ መልስ ጎረፈ። የአሸናፊው መልስ እንኳ ክርክሩን አልዘጋውም። በ2016 ቡሪጅና ሊንደን የተባሉ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ሞክረው፣ ትኩስ ውሃ ወደ 0 ዲግሪ ቀድሞ ሲደርስ አላየንም፣ የቴርሞሜትሩ ቦታ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ብቻ ሊያሳስት ይችላል አሉ። በ2020 ደግሞ ኩማርና ቤክሆፈር በካናዳ፣ ውሃ ውስጥ ባለች በዓይን በማትታይ የመስተዋት ቅንጣት ላይ ትኩሱ ቀዝቃዛውን ሊቀድም እንደሚችል አሳዩ። እንግዲህ የአንድ ብርጭቆ ውሃ ነገር እንዲህ ነው።

እኔም ዝም አላልኩም። የሻይ ቤቱን እመቤት ለምኜ በፍሪጃቸው ውስጥ ሦስት ማታ ሞከርሁ። መጀመሪያ «ልጄ፣ ትኩስ ነገር ከተህ ፍሪጄን ልታቃጥልብኝ ነው?» ብለው እምቢ ብለውኝ ነበር። ሁለቱን ማታ ቀዝቃዛው ቀደመ። በሦስተኛው ትኩሱ ቀደመና ዘለልኩ፤ ነገር ግን ብርጭቆውን ሳነሳ ከሥሩ ያለውን አመዳይ አቅልጦ ጎድጓድ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ሌላኛው ብርጭቆ ያለበት ቦታ አመዳይ አልነበረውም። ስለዚህ አሸነፈ ለማለት አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረኝ ግን ውሃው ብቻ አይደለም። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ ስለ ትነት ሳስተምር አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ምንጩ የሚጨሰው ለምንድነው? ቀዝቃዛ አይደለም እንዴ?» አለኝ። መልሱን አላወቅሁም። ገምጋሚው መምህር ከኋላ ተቀምጠዋል፤ የትምህርት ዕቅዴ ላይ ምንጭ የሚባል ነገር የለም። «ይህ የዛሬ ትምህርት አይደለም፣ ቁጭ በል!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። መልሱን አሁን አውቄዋለሁ፤ ከምድር የሚወጣው ውሃ ከጠዋቱ አየር ይልቅ ይሞቃል፣ ከላዩ የሚነሳው ተንም ብርዱ ሲያገኘው ጭጋግ ይሆናል። ልምምዱ ግን አልቋል። ለት/ቤቱ የሳይንስ መምህር ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ለልጁ ያነቡለት እንደሆን እጠብቃለሁ።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ውሃውን በመስፈሪያ ለኩት፤ ከሥራቸው ወፍራም ካርቶን አንጥፉ፤ ቦታቸውን በየቀኑ አለዋውጡ። «በረዶ ሆነ» የምትሉት የመጀመሪያውን ስስ ሽፋን ስታዩ ይሁን ወይስ እስከ ታች ሲጠጥር፣ ሳትጀምሩ ወስኑ። የሻይ ቤቱ እመቤት ከማታው 2 ሰዓት በኋላ ይፈቅዳሉ፤ ትኩሱን ግን እንዳያዩባችሁ። ውጤታችሁን፣ ያልተሳካውንም ጭምር፣ ጽፋችሁ ከዚህ ወረቀት ሥር ለጥፉልኝ።