የደካማው ልጅ ብርታት

ቶሚ ኮኖ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1930 ዓ.ም. በአሜሪካ ከጃፓን ዘር ተወለደ። በልጅነቱ የአስም በሽታ ትንፋሹን ስለሚያሳጥረው እጅግ ደካማና ከሲታ ነበረ። በ1942 ዓ.ም. አሜሪካ ከጃፓን ጋራ ስትዋጋ፥ መንግሥቱ በምዕራቡ ጠረፍ የሚኖሩትን የጃፓን ተወላጆች ያለ በደላቸው አሰራቸው። ቶሚም ከቤተ ሰቡ ጋራ ቱሊ ሌክ ወደሚባል በረሓማ ስፍራ ተወሰደ። በዚያ ግን ደረቁ አየር ተስማማው፤ ጎረቤቶቹም ክብደት ማንሣትን አሳዩት። እርሱም ሳይታክት ተለማመደ። በኋላም በ1952 ዓ.ም. በሄልሲንኪ፥ በ1956 ዓ.ም. በሜልበርን በተደረጉት የኦሊምፒክ ውድድሮች፥ ላሰረችው ለአገሩ ለአሜሪካ የወርቅ ሜዳልያ አስገኘላት።

ልጆች ሆይ፥ ደካማ ሆኖ መወለድ ነውር አይደለም፤ ሳይተጉ መቅረት ግን ነውር ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።