ያጠናነው ነገር የት ይሄዳል?

የሳይንስ ዓምድ፦ ከ7ኛ "ለ" ክፍል

በዚህ ዕትም የማቀርብላችሁ ስለ ትውስታ ነው። ትውስታ ማለት አንጎላችን ያየነውን፣ የሰማነውንና የተማርነውን የሚይዝበትና በኋላ ስንፈልገው መልሶ የሚያወጣበት መንገድ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለት ሥራ ነው ያለው፦ መያዝና ማውጣት። ብዙ ተማሪ የሚጨነቀው ለመያዙ ብቻ ነው። ፈተና ላይ የሚጥለን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማውጣቱ ነው። ጥያቄውን እያየን "ውይ፣ አውቀዋለሁ እኮ፣ አፌ ላይ መጥቶ ጠፋብኝ" እንል የለ? እሱ ማለት ነው።

የአዋቂ ሰው አንጎል ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በውስጡ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንድ ነገር ስንማር በሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት ይጠነክራል፤ ልክ ሣር ሜዳ ላይ ሰው ሲመላለስ ቀጭን መንገድ እንደሚወጣው ማለት ነው። ሰው ካልሄደበት ደሞ ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ትውስታን እንደ ጎተራ አታስቡት። ጎተራ ሲሞላ ሌላ እህል አይገባም፤ አንጎል ግን ብዙ ስለተማረ ሞልቶ ሲፈስ አልታየም።

እስቲ አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ጓደኛችሁ 4፣ 7፣ 1፣ 9 ብሎ ያንብብላችሁና መልሳችሁ በሉት። ቀላል ነው። ከዚያ 8፣ 3፣ 5፣ 2፣ 9፣ 6፣ 1፣ 4፣ 7፣ 0፣ 2 ይበላችሁ። መሃል ላይ ይጠፋችኋል። ይሄ የአጭር ጊዜ ትውስታ ይባላል፤ ቦታው ጠባብ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው 7 ነገር ያህል ነው፣ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ነው ብሎ ነበር። ከሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንዲያውም ወደ 4 አውርደውታል። መላው ማቧደን ነው። ስልክ ቁጥር ስንናገር ሁለት ሁለቱን እያጣመርን የምንጠራው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ያስገረመኝን ታሪክ ልንገራችሁ። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያሠቃየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሐኪሙ በሽታውን ለማቆም ብሎ ከአንጎሉ በግራም በቀኝም ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን ቆርጦ አወጣው። ሂፖካምፐስ ቅርጹ የባሕር ፈረስ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣለት። የሚጥለው በሽታ ቀነሰለት፤ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። የልጅነቱን ያስታውሳል፣ ይናገራል፣ ይቀልዳል። አሁን ያገኘውን ሰው ግን ትንሽ ቆይቶ ሲያየው አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ ለዓመታት ስትመላለስ እሱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ሰው ነበር የሚቀበላት።

ሚልነር አንድ ቀን እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። (ቤት ሞክሩት፣ በጣም ያስቸግራል።) በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ። ሲጠይቁት ግን ከዚህ በፊት መሥራቱን ጨርሶ አያስታውስም! ከዚህ የተማሩት፣ እንደ ብስክሌት መንዳትና እንጀራ መጋገር ያለ የእጅ ሙያ የሚያዘው በሌላ የአንጎል ክፍል እንደሆነ ነው። ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞተ። እንደኔ ሀሳብ ለሰው ልጅ ትልቅ ውለታ የዋለ ሰው ነው፤ ያሳዝናል ግን፣ ውለታውን ራሱ አላወቀውም።

ወደ መርሳት ልለፍ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸው ፊደሎችን ራሱ እየሸመደደ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ስንቱ እንደጠፋበት ለካ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ ልፋቱ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ የተማራችሁትን ዛሬውኑ ማታ ማየት፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ማየት፣ ከሳምንት በኋላ ደሞ አንዴ። ለፈተና ዋዜማ አጠራቅሞ መቸከል ግን ለነገ ጠዋት ብቻ ነው የሚሆነው። እንቅልፍም ትውስታን ያጠነክራል፣ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አለመተኛት ኪሳራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት አሜሪካውያን፣ ሮዲገርና ካርፒኬ፣ ተማሪዎችን ምንባብ አስነበቡ። ገሚሱ ምንባቡን ደጋግሞ አነበበ። ገሚሱ ደግሞ ምንባቡን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ዘግተው የጻፉት በለጡ። ማለትም ማውጣት ራሱ መልሶ መያዝ ነው። ይሄ ለአገራችን አዲስ አይመስለኝም። የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ ያለ መጽሐፍ ነው የሚወጣው። መድረሳም ልጆች በእንጨት ሰሌዳ የጻፉትን ለመምህራቸው በቃላቸው ካልወጡት ሰሌዳውን አጥበው ሌላ አይጽፉም።

ይሄን ሁሉ የማወራው በአንዲት የክፍላችን ልጅ ምክንያት ነው። ስሟን አልጽፍም፤ እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እንደዚያ ብላ ነው። "የኔ ጭንቅላት ትምህርት አይቀበልም፣ የዛሬ ዓመት ሚኒስትሪ ወድቄ ከማፍር አሁን ባቆም ይሻላል" እያለች ነው። እናቷ ጉልት ይሸጣሉ። ማታ ማታ እሷ ናት የምታግዛቸው። እና ይህቺው ልጅ ማን በዱቤ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደወሰደ፣ ማን ስንት ብር እንደቀረበት፣ የሠላሳ ሰው ሒሳብ ያለ ወረቀት በቃሏ ትይዛለች! የማይቀበል ጭንቅላት ይሄን እንዴት ያዘ?

እንዴት እንደምትይዘው ጠየቅኳት። "ማታ ዕቃ ስንሰበስብ እማዬ 'ማን ምን ወሰደ?' ትለኛለች፣ እኔ እዘረዝርላታለሁ፣ በቃ" አለችኝ። አያችሁ? ባዶ ወረቀት ላይ ከጻፉት ልጆች ጋር አንድ ነው። ደብተሯን ግን የምታጠናው እንቅልፍ እያዳፋት አራት አምስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች በማንበብ ነው፤ ማንም "ምን ያዝሽ?" ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ከጭንቅላቷ በፊት መመርመር ያለበት ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ከሰኞ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጥላው ሥር የመጠያየቅ ቡድን ያቋቁማል። ደብተር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ከዚያ እንቀያየራለን። መጀመሪያ የምንይዘው ጠቅላላ ሳይንስ ምዕራፍ 3ን ነው። ከላይ የጻፍኳት ልጅም ማክሰኞና ሐሙስ እመጣለሁ ብላለች፤ የሒሳብ ጥያቄዎቹን የምታዘጋጀው እሷ ናት።