ቀድሞህ የሚደርስ ወሬ

ገዋኔ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በሚሌ በኩል ወደ ሎግያና ሰመራ በሚዘልቀው የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እማማ በዚህ የአዋሽ ሸለቆ በነርስነት ኖረው፣ ጡረታቸውንም እዚሁ የሚያሳልፉ ክርስቲያን ናቸው። ወጣቱን ቤተ ክርስቲያኑ ከደብረ ብርሃን ለአገልግሎት ልካዋለች፤ አፋርኛ ገና አልጀመረም። በጭውውቱ የተጠቀሱት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ እማማ፣ ቋንቋውን ቶሎ እለምዳለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ግን የሄድኩበት ሁሉ በአማርኛ ነው የሚያናግሩኝ። ሻይ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ቢሮውም፣ ባጃጁም።

እማማ፦ የመጀመሪያው ወጥመድ እሱ ነው፣ ልጄ። ገዋኔ ላይ ዕድሜ ልክህን በአማርኛ መኖር ትችላለህ። ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣ ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ከጅቡቲ የሚመለስ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። እንጀራውም ቡናውም አይጎድልብህም። አፋር አገር ኖርኩ ብለህ ትመለሳለህ፤ የኖርከው ግን አስፋልቱ ላይ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲሄድ አይቻለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከአስፋልቱ አልወረዱም እንጂ።

ወጣቱ፦ ልውረድ ብልስ? ዝም ተብሎ ሰው ቤት አይገባ።

እማማ፦ አይገባም። ሰው ይዞህ ይሄዳል። እኔ የማምናቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ መንደራቸው ወደ አዋሽ ወንዝ ወረድ ብሎ ነው። እሳቸው ካስገቡህ የእሳቸው እንግዳ ነህ። ጥፋት ብታጠፋ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ የምትጠነቀቀው ለራስህ ብቻ አይደለም። ስትደርስ ሴቶቹን ታያቸዋለህ። ዳቦይታውን፣ ቤታቸውን ማለት ነው፣ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የጎበጠውን እንጨትና ከዘንባባ የሠሩትን ሰሌን ነቅለው ግመል ላይ ይጭኑታል፣ በደረሱበት መልሰው ይተክሉታል። ከዚያ በጭስ በታጠነ ዕቃ ወተት ያቀርቡልሃል። ጭስ ጭስ ይልሃል፤ የመጀመሪያ ቀን ይከብዳል። በቀኝ እጅህ ተቀበልና ጠጣ። ስንት ግመል አላችሁ ብለህ እንዳትጠይቅ። ወንዶቹ የሚታጠቁትን ጩቤ፣ ጊሌውን፣ እንዳትነካካ። በረመዳን ከመጣህ ደግሞ ቀን ሰው ፊት ውሃ አትጠጣ፤ ሙቀቱ ቢበረታብህ ዞር ብለህ ጠጣ። ከዚያ ሥራ ጠይቅ። ከልጆቹ ጋር ፍየል አግድ። አፋርኛ ያለው እዚያ ነው።

ወጣቱ፦ ለማስተማር የተላከ ሰው ፍየል ሲያግድ ዋለ ቢባል የላኩኝ ምን ይላሉ?

እማማ፦ ሪፖርት ላይ እንደማያምር አውቃለሁ። ግን አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን አስበው። አክሱም የገባው ሊሰብክ አልነበረም። ከጢሮስ የተነሳ ልጅ ነበር፤ መርከባቸው ላይ የነበሩት ሰዎች ባሕሩ ዳር ሲገደሉ እሱና አብሮት የነበረው ኤዴስዮስ ተርፈው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ቤተ መንግሥት አደገ፣ አገለገለ፣ ቋንቋውንና የሰዉን ጠባይ አወቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው እስክንድርያ ወርዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ ይላክ ብሎ የጠየቀው፤ ሊቀ ጳጳሱ አትናቴዎስም እሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። ይህ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እነዚያን የአገልጋይነት ዓመታት ብታወጣቸው ጵጵስናው በምን ይቆማል? ሰዉ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ወጣቱ፦ ስለ ዳጉ፣ ስለ አፋሮቹ የወሬ ቅብብል፣ ብዙ እሰማለሁ። እኔስ ቋንቋውን ስለምድ ልገባበት እችላለሁ?

እማማ፦ ገብተህበታል። ከመኪና የወረድክ ዕለት ገብተሃል። ዳጉ እንዴት እንደሚደረግ ቁጭ ብለህ ብታየው ደስ ይለኛል። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ግመሎቹ ይቆማሉ፣ ሰዎቹ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ሰላምታው ብቻውን ረጅም ነው። ከዚያ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው በየመሐሉ በአጭሩ እየተቀበለ ያዳምጣል፣ አያቋርጥም። ዝናቡ የት ጣለ? ሣሩ እስከ የት ደርሷል? የታመመ ከብት አለ? ማን ሞተ፣ ማን ወለደ? ገበያው እንዴት ዋለ? መንገድ ላይ ያየኸው እንግዳ ማነው፣ ምን ይዟል፣ ወዴት ነው የሚሄደው? ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሲጨርስ ተራው የሌላው ይሆናል። ሐሰተኛ ዳጉ ያቀበለ ሰው በባህላዊ ሕጋቸው ይጠየቅበታል። ሕጉ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ሣር የሌለበትን ቦታ አለ ብሎ የነገረ ሰው የሌላውን መንጋ ስለሚፈጅ ነው። አንተ እዚህ ሻይህን ስትጠጣ ወሬህ ሚሌ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ወጣቱ፦ እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎት። ስመጣ አንዳንድ ሰዎች፣ መጀመሪያ የእርዳታ ሠራተኛ ነኝ በል፣ ስለ እምነትህ ቶሎ አታንሳ ብለው መክረውኛል።

እማማ፦ በቅንነት ነው የመከሩህ። ግን እንዳትሰማቸው። እዚህ አገር ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አይቆይም፤ የዳጉ ሥራው እውነቱን ማጣራት ነው። ክርስቲያን ነኝ በል። የላከህን ተናገር። እነሱ ከብዙ ዘመን ጀምረው ሙስሊሞች ናቸው። ክርስቲያን መሆንህ አያስደነግጣቸውም፤ ከደጋ የሚመጣው ስንቱ ክርስቲያን ነው። የሚጎዳህ ደብቀኸው ኖረህ የታወቀብህ ቀን ነው። ያን ቀን የቆፈርከው የውሃ ጉድጓድ፣ ያስተማርከው ፊደል፣ ያከምከው ልጅ ሁሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ለካ ለዚህ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሐቀኛ ሰውም በአንተ ጦስ አይታመንም።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ነገርኳቸው እንበል። ከዚያ በኋላስ ዝም ልል ነው? ለመመስከር አይደል የተላክሁት?

እማማ፦ ዝም በል አላልኩህም። አፋር ስለ እግዚአብሔር ማውራት አያፍርም። ይጠይቅሃል፣ ትመልሳለህ፤ አንተም ትጠይቀዋለህ፣ ይመልስልሃል። ስትሰማው ከልብህ ስማው። የማልለቅህ ግን አንድ ነገር አለ፦ እህልና መድኃኒት ይዘህ አትስበክ።

ወጣቱ፦ ሁለቱን ማን ይለያቸዋል? እኛ ስንረዳም በእምነታችን ነው የምንረዳው።

እማማ፦ ለአንተ አንድ ናቸው፤ ለእሷ ግን አይደሉም። የምልህን በዓይንህ አምጣው። ድርቅ ነው። አንዲት እናት የሚቃጠል ልጅ አዝላ ከሩቅ በእግሯ መጥታለች። ልጁ ዓይኑን አይገልጥም፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አንተ ጋዋን ለብሰሃል፣ መርፌው በእጅህ ነው። በዚያች ሰዓት ስለ እምነት ብታነሳባት እምቢ ልትልህ ትችላለች? አትችልም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢልህ ምን አገኘህ? ልጁን አክም፣ አጠጣ፣ እናቲቱን አሳርፍ፣ ሸኝ። ልጁ ድኖ፣ ዕዳ የለብኝም ብላ፣ በሌላ ቀን በገዛ እግሯ ቤትህ መጥታ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ ብትልህ፣ ያኔ ያለህን ሁሉ ንገራት። ያኔ ተነስታ መሄድም ትችላለችና።

ወጣቱ፦ ልብ የሚከፈተው ግን በችግር ጊዜ ነው ይላሉ።

እማማ፦ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሲያደርጉም አይቻለሁ። በሌላው ረሃብ ላይ ቆሞ እምነት መጠየቅ በእኔ ዘንድ ኃጢአት ነው። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አልስማማም፤ ከላኩህም ጋር ቢሆን።

ወጣቱ፦ ቋንቋውን አጥርቼ ብናገር ግን ይህ ሁሉ ጥርጣሬ የሚቀንስ አይመስልዎትም?

እማማ፦ ይቀንሳል፤ ግን ቋንቋ ብቻውን አያድንህም። ኢዘንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። በ1839 ከጓደኛው ከክራፕፍ ጋር ከታጁራ ተነስቶ ይህንን የአፋር በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ሸዋ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ገባ። በ1840 አነስተኛ የአፋርኛ የቃላት መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመለት፤ በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው። ቋንቋ የሚያውቅ ትጉህ ሰው ነበር። ይኸው ሰው ግን ወደ ሸዋ ከመሄዱ በፊት፣ በ1838፣ ከነባልደረቦቹ ከዐድዋ ተባሯል። ከእሱ በፊት የመጣው ሚሲዮናዊ ጎባት ከካህናቱ ጋር በእርጋታ እየተቀመጠ ይወያይ ነበር፤ እምነቱን አልደበቀም፣ ግን ተወዶ ነበር። ኢዘንበርግ ጾሙንም ለእመቤታችን የሚሰጠውንም ክብር ፊት ለፊት ይነቅፍ ነበር። ኢዘንበርግ የሚለውን ሰዉ በደንብ ሰምቶታል፤ የተባረረውም ስለተሰማ ነው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት?

እማማ፦ እዚያው ዐድዋ፣ በ1839፣ ሌላ ሰው ገባ። ጣሊያናዊው ካቶሊክ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ በኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት። የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፣ ግዕዙንም አማርኛውንም ትግርኛውንም ተማሩ፣ የአገሩን ቅዳሴ አከበሩ። ሁሉ ነገር ተመቻቸላቸው እንዳትል፤ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። በ1860 ወደ ሀላይ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። እንግዲህ ሁለቱም ያመኑበትን ይናገሩ ነበር። ልዩነቱ አንዱ ሰዉ የሚወደውን ነገር እየነቀለ ሊተክል መፈለጉ፣ ሌላው ሰዉ የሚወደውን አብሮ መውደዱ ነው ብዬ አምናለሁ። አንተም ሽማግሌው ለሶላት ሲነሱ ወሬህን አቁመህ ጠብቅ። ሲጨርሱ ትቀጥላለህ።

ወጣቱ፦ ማታ ማታ ግን ይከብደኛል፣ እማማ። ሙቀቱም፣ ብቸኝነቱም።

እማማ፦ ሙቀቱን ትለምደዋለህ። አልጋህን ደጅ አውጣ፣ አጎበሩን እንዳትረሳ፤ ረግረጉ ቅርብ ነው፣ ወባው አይምርም። ትኩሳት ከተሰማህ በዕለቱ ተመርመር፣ ጀግና እንዳትሆንብኝ። ብቸኝነቱ ይቆያል። እናትህን በየጊዜው ደውልላት። ግን ሰዓቱን ሁሉ ስልክህ ላይ ከደብረ ብርሃን ጋር እያወራህ ካሳለፍከው እዚህ ያለው ሰው አያገኝህም።

ወጣቱ፦ ዓመታት አልፈው ምንም ፍሬ ባይታይስ?

እማማ፦ የስዊድን ሚሲዮናውያን በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ ሐሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መሄድ ነበር። መንገዱ ተዘጋባቸው። ኩናማ ዘንድ ሄዱ፤ ከፊሎቹ በትኩሳት፣ ከፊሎቹ በሰው እጅ ሞቱ። የተረፉት ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እዚያ ከገቡት ልጆች አንዱ ከኢሉባቦር ተሸጦ የመጣና በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ልጅ ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። በ1886 ደግሞ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የተለቀቀች አስቴር ጋኖ የምትባል ልጅ መጣች። በ1899 ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። በተርጓሚነት ስሙ የሚነሳው የኦኔሲሞስ ነው፤ ግን እሱ በልጅነቱ ስለተወሰደ ቋንቋው ሳስቶበት ነበር፣ የሞላችለት አስቴር ናት። ወደ አምስት መቶ የሚጠጋ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ ጽፋለች። በባርነት ተይዛ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተወስዳ፣ የአያቶቿን ተረት አልጣለችም። በ1904 ኦኔሲሞስና አስቴር ወለጋ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። ከ1866 እስከ 1904 ቁጠረው። ኩናማ የተቀበሩት ስዊድናውያን ይህን አላዩም፤ ሥራውን የሠሩትም እነሱ አይደሉም። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ወጣቱ፦ እዚህ አፋር ውስጥስ የማየው ሰው አለ?

እማማ፦ ሎግያ ሂድ። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ቫለሪ ብራውኒንግ እዚያ ይኖራሉ፤ አፋሮች ማሊካ ይሏቸዋል። ክርስቲያን ናቸው፣ አይደብቁትም። አፋር አግብተው፣ ከባለቤታቸው ከእስማኤል አሊ ጋርዶ ጋር በ1993 የአፋር አርብቶ አደሮችን የልማት ማህበር አቋቋሙ። ሄደህ እሳቸውን ብቻ አትይ። አብረዋቸው የሚሠሩትን ተመልከት፤ የጤና ሠራተኛውም፣ በአፋርኛ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረውም አፋር ነው፤ መንደሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ሚሌ ያለውን የእናቶች ሆስፒታልም እይ። የምታውቀውን ሁሉ ለአፋር ልጅ አስተምርና አንተ ባትኖርም ሥራው እንዳይቆም አድርግ።

ወጣቱ፦ እሺ። ሽማግሌው ዘንድ መቼ ልሂድ?

እማማ፦ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ልጃቸው መጥቶ ይወስድሃል። ደብተርና እስክሪብቶ አታውጣ፤ የመንግሥት መዝጋቢ ትመስላለህ። የሰማኸውን በአእምሮህ ይዘህ ማታ ጻፈው። ስኳርና ሻይ ቅጠል ግዛ፤ በባዶ እጅ እንግዳ ሆኖ አይኬድም።

ወጣቱ፦ እህል ይዘህ አትስበክ ካሉኝ ጋር አይጋጭም?

እማማ፦ ጥሩ ጠየቅህ። አይጋጭም። አንተ ስኳር ትሰጣለህ፣ እነሱ ወተት ይሰጡሃል፣ ማንም የማንም ባለዕዳ ሆኖ አያድርም። አንድ ኪሎ ይበቃል። ከዚያ እንዳታስበልጥ፤ ከበዛ መመለስ ያቅታቸዋል።