ኢየሩሳሌም፤ ግንቡ፣ ቁልፉና ጣሪያው

ዛሬ ከክፍላችን ሳንወጣ ሩቅ አገር እንሄዳለን። እናንተ ቅዳሜ ጠዋት ዓይናችሁን እያሻሻችሁ ወደ አማርኛ ትምህርት ስትመጡ እዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ምናልባት ከክፍላችሁ አንዷ ልጅ በዚህች ከተማ ስም ትጠራ ይሆናል፤ ጓደኞቿ ግን አሳጥረው “ጄሪ” ይሏታል። አዎ፣ ኢየሩሳሌም! (ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኢየሩሳሌም ዛሬ ትልቅ ከተማ ናት። እኛ የምንጎበኘው ግን በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ነው። ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግንቡ ዙሪያውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግሪን ሌክን በእግሩ አንድ ዙር የሄደ ልጅ ግንቡን ዞሮ ጨርሷል ማለት ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ትርፍ አለው። ከተማዋ የብዙ ሺህ ዓመት ዕድሜ ቢኖራትም አሁን የሚታየውን ግንብ ያሠራው የቱርኩ ሱልጣን ሱለይማን ነው፤ በ1541 ተፈጸመ። በአገራችን አፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አህመድ ሲዋጉ የነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። አሚር ኑር የሐረርን ጀጎል ያሠሩትም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሐረር ያደገ ወላጅ ካላችሁ ጠይቁት፤ በግንብ ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

ግንቡ 8 በሮች አሉት። ሰባቱ ክፍት ናቸው፤ ወርቃማው በር የሚባለው ግን ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በድንጋይ ተዘግቷል። ውስጡ የአይሁድ፣ የእስላም፣ የክርስቲያንና የአርመን ሰፈር ተብሎ ተከፍሏል።

ለመሆኑ ይህችን ትንሽ ቦታ ሦስት ሃይማኖቶች ለምን ቅድስት ይሏታል? አይሁድ የሚጸልዩበት ምዕራባዊው ግንብ በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ካፈረሱት ቤተ መቅደስ ግቢ የቀረ ነው። በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በስግድ በዓል ተራራ ወጥተው ወደዚያው ዞረው ይጸልዩ ነበር፤ ልጆቻቸውም ሽመላ ሲበር ሲያዩ ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቁት ነበር ይባላል። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ከምዕራባዊው ግንብ ከፍ ብሎ አል አቅሳ መስጊድና ባለ ወርቅ ጉልላቱ የዓለቱ ጉልላት ይገኛሉ። ሙስሊሞች ወደ መካ ዞረው መስገድ ከመጀመራቸው በፊት ይሰግዱ የነበረው ወደ ኢየሩሳሌም ነው። በዓረብኛ ስሟ “አል ቁድስ” ነው። እስቲ ቃሉን አድምጡት፤ ቁድስ፣ ቅዱስ፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ቀ፣ ደ፣ ሰ! ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ እናንተ ሳታውቁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ለክርስቲያኖች ደግሞ ክርስቶስ የተሰቀለበትና የተነሣበት ቦታ ነው ተብሎ የሚታመነው ጎልጎታ እዚህ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን ግሪኮች፣ ካቶሊኮች፣ አርመኖች፣ ግብጾች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን ይጋሩታል። መጋራት ቀላል አይደለም፤ ወንድምና እህት ያለው ልጅ ያውቀዋል። የዋናውን በር ቁልፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የያዘው የሙስሊም ቤተሰብ ነው። ከበሩ በላይ በመስኮት ሥር አንዲት የእንጨት መሰላል አለች፤ ቢያንስ ከ1700ዎቹ ጀምሮ እዚያው ናት። ሁሉም ካልተስማሙ ማንም አያነሳትም።

አሁን ትንፋሻችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ ደረጃ እንወጣለን። ከገበያው መንገድ ወደ ላይ የሚወስደውን ደረጃ ስንጨርስ የምንደርሰው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። እዚያ ዴር ሡልጣን የሚባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም አለ። የጭቃ ቤት የሚመስሉ ትንንሽ ጎጆዎች፣ በሮቻቸው ዝቅ ያሉ፤ መሐል ግቢው ላይ ደግሞ ታች ላለው ጸሎት ቤት ብርሃን የሚሰጥ ጉልላት። በግቢው ውስጥ ባለው ጸሎት ቤት ንግሥተ ሳባ ንጉሥ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል።

“ለምን ጣሪያ ላይ?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አባቶቻችን ድሮ ታች በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቦታ ነበራቸው። አገራቸው ሩቅ፣ ገንዘባቸው ጥቂት ስለሆነ ለቱርክ መንግሥት የሚጠየቀውን ግብር መክፈል አቃታቸውና ቀስ በቀስ አጡት። በ1838 ደግሞ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ጨረሰ። ግብጾች በበኩላቸው ጣሪያውም የእኛ ነው ይላሉ። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት፣ ግብጾቹ ታች በጸሎት ላይ ሳሉ፣ የበሮቹ ቁልፍ ተቀየረና ገዳሙ በኢትዮጵያውያኑ እጅ ገባ። እኛ ርስታችን ተመለሰ እንላለን፤ እነርሱ ተበደልን ይላሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስም እስከ ዛሬ አልተቋጨም። እድሳት እንኳ የሚያጣላው ለዚህ ነው፤ እዚያ ጣሪያ የጠገነ ሰው ባለቤት ነኝ እንዳለ ይቆጠራል። በ2017 ከአንዱ ጸሎት ቤት ጣሪያ ድንጋይ ወድቆ ቤቱ ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። መነኮሳቱ ብርዱንም ሙቀቱንም ችለው ከዚያች ጠባብ ግቢ የማይለቁት፣ አንድ ቀን ባዶ ከተገኘች የእነርሱ ሆና እንደማትቀር ስለሚያውቁ ነው።

ከግንቡ ውጭ ግን የሚያጣላን የለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እዚያ ይገኛል። መንገዱ ራሱ የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። በዚሁ መንገድ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ዕብራይስጥ በዚያን ጊዜ የጸሎትና የመጽሐፍ ቋንቋ እንጂ የቤት መነጋገሪያ አልነበረም። እርሱ ግን በ1882 ለተወለደው ልጁ በቤት ውስጥ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገረው ብሎ አሳደገው። (ወላጆች፣ ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አንብቧት!)

ለመጓዝ ለምታስቡ ቤተሰቦች፦ አሮጌው ከተማ ከ1967 ጀምሮ በእስራኤል ቁጥጥር ሥር ነው፤ ፍልስጤማውያንም ዋና ከተማችን ይሏታል። በ2023 የተነሳው ጦርነት ብዙ ጉዞ አሰናክሏል፤ ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ማሳሰቢያ ተመልከቱ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ። ደብረ ገነት ሲገባ ጫማ ይወለቃል፤ ስለዚህ ካልሲያችሁ ያልተቀደደ ይሁን።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ፦ ከቤተሰባችሁ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ወይም ሐረርን ያየ ሰው ፈልጉና በየትኛው በር እንደገባ ጠይቁት፤ መልሱን በአማርኛ በአምስት መስመር ጽፋችሁ አምጡ። ከ“ቀደሰ” የሚወጡ ሌሎች ቃላትም ፈልጉ። አያቶቻችሁን መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ስልክ ግን ረጅም ስለሚሆን ቀደም ብላችሁ ደውሉ።