ምንጣፉም እንዳይበላሽ፣ በሽተኛውም እንዳይወድቅ

የዚህ ወር ርዕሳችን ከመድኃኒትም ከምግብም ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። የምናወራው ስለ ምንጣፍ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱን በቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው ጉዳዩን ገና ሲሰማው ይገባዋል።

እንደሚታወቀው በእኛ ቤት ምንጣፍ ጌጥ ብቻ አይደለም። እንቀመጥበታለን፣ እንበላበታለን፣ እንግዳ እንቀበልበታለን፣ እንሰግድበታለን። ስለዚህ ባል ወይም ሚስት በስትሮክ፣ በስኳር፣ በፕሮስቴት ወይም በእርጅና ምክንያት ሽንት ማምለጥ ሲጀምራቸው አስታማሚው የሚጨነቀው ለቆሻሻው ብቻ ሳይሆን ለነጃሳውም ጭምር ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ምንጣፉን ለማዳን ከምንወስደው እርምጃ ነው።

ወደምሠራበት ፋርማሲ የባለቤታቸውን የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው ደክሟል። ሳሎኑ ላይ የተነጠፈውን ወፍራም ምንጣፍ ልጃቸው ከጅዳ ነው የላከችው። ሽንት ማምለጥ ሲጀምር እኚህ እናት መጀመሪያ አሮጌ ጋቢ አነጠፉ። ጋቢው አሳለፈባቸው። ከዚያ ላስቲክ አነጠፉ። ላስቲኩ ሲያንሸራትት ደግሞ በላዩ ላይ ፎጣ ጨመሩበት። ታዲያ አንድ ቀን አባወራው ለፈጅር ሲነሱ የግራ እግራቸው ጣት የፎጣውን ጫፍ ያዘና ወደቁ። አልሐምዱሊላህ፣ የተሰበረው የእጅ አንጓቸው ብቻ ነበር። እናትየው የነገሩኝ እንዲህ ብለው ነው፤ «ልጄ፣ ምንጣፉን አዳንኩ ብዬ ሰውየውን ጣልኩት።»

ይህ የእሳቸው ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ያለው አካሄድ ይኸው ነው፤ አንዱ ንጣፍ የፈጠረውን ችግር በሌላ ንጣፍ መሸፈን።

እግሩ ለምን ይያዛል?

ጤነኛ ሰው ሲራመድ የእግሩን ጣቶች ሳያውቀው ወደ ላይ ያነሳል። ስትሮክ የመታው ሰው ግን በደከመው በኩል ያለው የእግሩ ጫፍ አይነሳም፤ መሬት እየጠረገ ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ እግር የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ የሌለው የምንጣፍ ጠርዝ ደረጃ ሆኖ ያደናቅፈዋል። ለረጅም ዓመታት ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የእግሩ መዳፍ ስለሚደነዝዝ ከሥሩ ያለው ነገር መታጠፉን ወይም መንሸራተቱን አይሰማም። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው በአበባና በሐረግ በተሞላ ምንጣፍ ላይ የቱ ጥለት የቱ ጠርዝ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል።

ከሁሉም የከፋው ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ መደረቡ ነው። በትልቁ ላይ ትንሹ፣ በትንሹ ላይ መስገጃው ይነጠፋል። የላይኛው ከታችኛው ጋር ስለማይያያዝ በእግር ሲገፋ ይሸበሸባል። ለምንጣፍ መሸፈኛ የሚነጠፈው ላስቲክ ደግሞ ሁለት ጠብታ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጋዜጣና ካርቶንም ከዚህ አይሻሉም።

ሽንቱን ከወለሉ ሳይሆን ከሰውነት አጠገብ ያዙት

ከዚህ አንፃር እኔ የምመክረው የመከላከያውን ቦታ መቀየር ነው። ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ነገር ሁሉ ለእግር እንቅፋት ይሆናል። አልጋው ወይም ወንበሩ ላይ የሚደረግ ግን እግር አይነካውም። ላስቲኩን ፍራሹ ላይ አድርጋችሁ ዳርና ዳሩን ከፍራሹ ሥር አጥብቃችሁ ቅበሩት። በላዩ ላይ ውኃ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ አንሶላ ይደረግበታል። ላስቲኩ የበሽተኛውን ቆዳ በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ላብና እርጥበት ይይዝና ለአልጋ ቁስል ይዳርጋል። ለሚቀመጡበት ወንበር ወይም መጅሊስም እንዲሁ አድርጉ።

የአዋቂ ዳይፐር ይረዳል፤ ነገር ግን መራመድ ለሚችል ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ባይሆን እወዳለሁ። አንድም ዋጋው ቀላል አይደለም፤ አንድም ሰውየውን ያሳፍረዋል። እርጥብ ሆኖ ሲቆይም ቆዳ ያቆስላል። ከዚያ በፊት መሞከር ያለበት በሰዓት ወደ ሽንት ቤት መውሰድ ነው። ሽንቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ይወስዷቸዋል። ለእኛ ደግሞ አላህ የሰጠን የሰዓት መቁጠሪያ አለን። ከእያንዳንዱ ውዱእ በፊት ሽንት ቤት መሄድ ልማድ ከሆነ ከዙህር እስከ ዒሻእ ያለው ጊዜ ከሞላ ጎደል ተሸፈነ ማለት ነው። ከፈጅር እስከ ዙህር ያለውን ረጅም ሰዓት መሐል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሌሊቱ ይቀራል፤ ለሌሊት ፖፖ ወይም ወንዶች ተኝተው የሚሸኑበት ፕላስቲክ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። በተለይ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሆነበት ቤት በጨለማ ደጅ መውጣት ለበሽተኛ ትልቅ አደጋ ነው።

አንዳንድ አስታማሚዎች ሽንቱን ለመቀነስ ብለው ውኃ ይከለክላሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ውኃ ያነሰው ሰው ሲነሳ ይዞርበታል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ሽንቱም እየወፈረ ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ሐኪም ውኃ እንዲቀንሱ ካላዘዛቸው በቀር ቀን ቀን በደንብ ይጠጡ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ግን ይቀንሱ። ቡናና ሻይም ወደ ማታ ባይሆን ይመረጣል። ሽንት ማምለጡ በድንገት የጀመረ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከምንጣፍ በላይ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ የፕሮስቴት እብጠት ወይም የሆድ ድርቀት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

መንገዱን ባዶ አድርጉት

ቤቱን ሁሉ ምንጣፍ አልባ አድርጉ አላልኩም። በሽተኛው የሚረግጠው መንገድ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከአልጋ ወደ መቀመጫው። በዚያ መንገድ ላይ ያለውን ምንጣፍ ጠቅልሉት። ሊሾም ይሁን ሴራሚክ ወይም ጣውላ፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ባዶ ወለል ለደከመ እግር ይሻላል፤ ለማጠብም ይቀላል። ከአልጋው አጠገብ የግድ መሸፈኛ ከተፈለገ ወለሉ ላይ ተለጥፎ የሚተኛ ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ አንድ ወጥ አድርጋችሁ አስገቡና አንደኛው ጠርዙ በአልጋው እግር ይረገጥ። የቀሩት ጠርዞች ከወለሉ ጋር በሰፊ ፕላስተር ዙሪያቸውን ይያዙ። ሳሎን ውስጥ የሚቀረው ትልቁ ምንጣፍ ደግሞ ጠርዞቹ ከመጅሊሱ ወይም ከከባድ ዕቃ ሥር ይግቡ።

ልጅ በሰው አገር ለፍታ የላከችውን ምንጣፍ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ለእናት ይከብዳል። ይገባኛል። ቢሆንም በሽተኛው በማይገባበት ክፍል ሊነጠፍ ይችላል። ለልጅቷም ምክንያቱን በስልክ መንገር ነው። አባቷ ተሰብረው ከተኙ ለሕክምና የምትልከው ገንዘብ ከምንጣፉ ዋጋ እንደሚበልጥ ራሷ ታውቀዋለች።

ሌላው ብዙም የማናስተውለው የጫማ ጉዳይ ነው። ምንጣፍ በጫማ አይረገጥምና በሽተኛውን ባዶ እግሩን ወይም በካልሲ እናስኬደዋለን። ካልሲ በሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ሸበጥ ደግሞ ከደከመ እግር ይወልቃል። መፍትሔው ከቤት የማይወጣ፣ ሶሉ ንጹሕ የሆነ፣ ተረከዝ የሚይዝና የጎማ ሶል ያለው አንድ ጫማ ለቤት ብቻ መለየት ነው። ሽርጡም ሆነ ጀለቢያው ከቁርጭምጭሚት በላይ ይጠር።

የቡና ሰዓትም አደጋ አለው። ርጥብ ቄጤማ ያንሸራትታል። ረከቦቱ፣ የከሰሉ ማንደጃና ማጨሻው መንገድ ላይ ከተቀመጡ መውደቅ ብቻ ሳይሆን መቃጠልም አለ። ቡናው ይቅር አይባልም፤ ጥግ ይያዝ። መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባትሪ ደግሞ ከበሽተኛው ትራስ ሥር አይታጣ።

መድኃኒቱን አትርሱ

ሰው የሚወድቀው በምንጣፍ ብቻ አይደለም። ሽንት የሚያስወጡ መድኃኒቶችን ሰዓት ተመልከቱ። ፍሮሴማይድ፣ ብዙዎች ላሲክስ የሚሉት፣ ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምርና እስከ 6 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ማታ የተወሰደ ከሆነ በሽተኛው ሌሊቱን ሲነሳና ሲተኛ ያድራል ማለት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም እንዲሁ ጠዋት ቢወሰድ ይመረጣል። ረመዳን ላይ ብዙ ሰው ሳያማክር የጠዋቱን ክኒን ወደ ኢፍጣር ያዞረዋል፤ ከዚያ በሌሊት ደጋግሞ መነሳትና መውደቅ ይከተላል። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሩ፤ መጾም የማይገባው በሽተኛም አለና።

አንዳንድ የደም ግፊትና የፕሮስቴት መድኃኒቶች ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ግፊቱን በድንገት ያወርዱታል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት ደግሞ ይህንንም ያደርጋሉ፣ ያደነዝዛሉም። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ያደነዝዛሉ፤ ሚዛንም ያስታሉ። ከእነዚህ አንዱንም በራሳችሁ እንዳታቆሙ። በሽተኛው ግን ሲነሳ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እግሩን አውርዶ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ካላዞረው ከዚያ ይቁም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱና «ሲነሱ ይዞርባቸዋል» ብላችሁ ንገሩ። ተኝተውም ቆመውም ግፊታቸው እንዲለካ ጠይቁ።

ምንጣፉ ከረጠበ

ቶሎ በደረቅ ጨርቅ እየተጫናችሁ ምጠጡት፤ አትፈትጉት፣ ሽንቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሳችሁ ደግማችሁ ምጠጡ፤ ይህን ደጋግሙት። ለሽታው አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ መጠቀም ይቻላል፤ ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩት። በረኪና ግን አይነካ። የሱፍ ምንጣፍን ይበላል፣ ቀለም ይነቅላል። ከሁሉም በላይ በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀልም መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስም ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምንጣፉ ፀሐይ ላይ ከሥሩም ጭምር ሳይደርቅ ተመልሶ አይነጠፍ።

የጦሃራውን ጉዳይ ዑለሞች ያብራሩታል። እኔ የማስታውሳችሁ በሐዲስ የታወቀውን ነው። አንድ የገጠር ሰው የመዲናው መስጂድ ውስጥ ሽንቱን በሸና ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየው እንዳይቋረጥ ከልክለው ሲያበቃ በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውኃ እንዲፈስበት አዝዘዋል። ሰውየው አልተዋረደም፤ ቦታውም በውኃ ጸዳ። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንደሚሰግድ፣ ሽንት የማይቆምለት ሰውም ዑዝር እንዳለው በመድረሳ የተማርነው ነው። ስለዚህ በሽተኛው ወንበር ላይ ሆኖ ቢሰግድ፣ መስገጃውም ከሶላት በኋላ ወዲያው ቢነሳ ከሁለቱም ጉዳት እንድናለን።

ከወደቁ

ደንግጣችሁ በእጃቸው ጎትታችሁ አታንሷቸው። በተለይ ስትሮክ ያደከመው እጅ ከተጎተተ ትከሻው ይወልቃል። መጀመሪያ ባሉበት ይረጋጉ። አንደኛው እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ወይም ማንቀሳቀስ ካቃታቸው የዳሌ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ሳታንቀሳቅሱ እርዳታ ጥሩ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱና ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ደህና ቢመስሉም ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ደም ዘግይቶ ሊፈስ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሆነው ካላባቸውና ካንቀጠቀጣቸው፣ መዋጥም ከቻሉ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ስጧቸው።

ጉዳት ከሌለ በጎናቸው አዙሯቸው፤ ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጠንካራ ወንበር ይደገፉና በደህናው እግራቸው ይነሱ። በማግስቱ «ከእንግዲህ አልነሳም» ሊሉ ይችላሉ፤ ብዙ በሽተኛ ከወደቀ በኋላ እንዲህ ይላል። አልጋ ላይ እንዲቀሩ አትፍቀዱላቸው፤ ጡንቻው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይበልጥ ይደክማል። ከዘራውን በደህናው እጃቸው አስይዟቸው፤ እናንተ በደከመው በኩል ቁሙና ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ያለውን ባዶ ወለል በቀን ሦስት ጊዜ አብራችሁ ሂዱበት።