የደራሲዋ ጥያቄ ለካህኑ



አሜሪካዊቷ ካቶሊካዊት ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ1925 በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ ተወለደች። በ1941 አባቷ ሉፐስ በተባለ በሽታ ሲሞት ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ይኸው በሽታ በ25 ዓመቷ እርሷንም ያዛት። ከዚያ በኋላ በሚሌጅቪል አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ከእናቷ ጋር እየኖረች፣ ኋላም በምርኩዝ እየተደገፈች፣ በየማለዳው ጥቂት ሰዓት ትጽፍ ነበር።

በ1956 አባ ጄምስ ማካውን የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን ድርሰቶቿን አንብበው፣ ሳይጠበቁ ከቤቷ ደረሱ። ስለ ጽሑፏ ያነጋገራት የመጀመሪያው ካህን እርሳቸው እንደ ነበሩ ራሷ ትመሰክራለች። (እኛ ካህናት ይህን ስናነብ ልናፍር ይገባናል፤ በየቁምስናችን የሚጽፉትን ስንቱን እናውቃለን?) ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር።

ከጥያቄዎቿ አንዱን እንመልከት። በቤቷ የሚሰበሰብ የንባብ ቡድን ነበር፤ ከአባላቱም ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። አንድሬ ዢድንና ዣን ፖል ሳርትርን የማንበብ ሐሳብ መጣ። የሁለቱ ጸሐፍት ሥራዎች ግን ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ በከለከለቻቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ ዝርዝሩ ሕግነቱ የቀረው በ1966 ነው። በስውር ብታነብ ማን ያውቅባት ነበር? ፈቃድ አላገኘሁም ብትል ደግሞ በወዳጆቿ ዘንድ ቤተ ክርስቲያንዋ ማሰብን የምትፈራ ትመስላለች። ስለዚህ ፈቃዱ እንዴት እንደሚገኝ ለአባ ማካውን ጽፋ ጠየቀች።

መታዘዝ ማለት አለመጠየቅ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ደፍሮ የሚጠይቀውን ወጣት «እምነትህ ደካማ ነው» ብለን ዝም እናሰኘዋለን፤ እርሱም ዝም ይላል፣ ቆይቶም ይቀራል። ኦኮነር ሕጉንም አልናቀችም፣ አእምሮዋንም አልዘጋችም። ይህን ልታደርግ የቻለችው ግን ጥያቄዋን ያለ ፍርሃት የምትጽፍለት ካህን ስለ ነበራት ጭምር ነው።

በ1958 ብዙም ሳትወድ ወደ ሉርድ ተሳለመች። በዚያ ከአጥንቶቿ ይልቅ ሲያስቸግራት ለነበረው ልብ ወለዷ እንደ ጸለየች በደብዳቤዋ ትናገራለች፤ መጽሐፉም በ1960 ታተመ። በ1964 በ39 ዓመቷ ዐረፈች። በመጨረሻዎቹ ወራት፣ በሆስፒታል ሳለች፣ ሥራ እንዳይከለክሏት ጽሑፏን ከትራሷ ሥር ትደብቅ ነበር።